ቀዩ ቀለም የት ገባ?

ባለቀለም ምስልን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ ያ ቁልፍ በእኛ ፈንታ ይወስናል፤ የጠፋውም አይመለስም። ዲጂታል ምስል ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ባለቀለም ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠንን የሚናገሩ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ግራጫ ሲሆን የሚተርፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ በዚህ ስሌት ግን ድፍን ቀይም ድፍን አረንጓዴም እኩል 85 ይሆናሉ። በእነዚህ ቀለሞች የተሣለ ሰንደቅ ዓላማ ላዩና ታቹ አይለይም ማለት ነው። ስለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር፣ ዓይናችን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ፣ ለአረንጓዴ 58.7፣ ለቀይ 29.9፣ ለሰማያዊ 11.4 በመቶ ይሰጣል። ያኔ አረንጓዴው 150፣ ቀዩ 76 ሆነው ይለያያሉ።

ይህም ቢሆን ለሁሉ አይበጅም። በብራና መጻሕፍታችን አርእስትና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ወደ ማይክሮፊልም ሲገለበጡ፣ ሥራው በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ ነበር። ሥራው ትልቅ ባለውለታችን ነው፤ ሆኖም የትኛው ቃል ቀይ እንደነበር አንባቢው ከፊደሉ መደብዘዝ ይገምታል። ብራናው በባለቀለም ከተነሣ ግን ምርጫ አለን፦ ግራጫውን ከቀዩ ቁጥር ብቻ ብንወስድ ቀዩ ፊደል ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ ይደበዝዛል፤ ከአረንጓዴው ብንወስድ ጠቁሮ ይወጣል።

ከግራጫም ወርዶ ድፍን ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን ጉዳዩ ይከፋል። እያንዳንዱ ነጥብ ከአንድ መቁረጫ ቁጥር በላይ ከሆነ ነጭ፣ በታች ከሆነ ጥቁር ይባላል። ፊርማ ላይ ያረፈ ሐምራዊ ማኅተም በዚህ መንገድ ስካን ሲደረግ ወይ ጨርሶ ይጠፋል፣ ወይ ከፊርማው ጋር ተዋህዶ አንድ ጥቁር ጭረት ይሆናል።

«ዛሬ ቀለም የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ» ይባል ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን ይገምታል እንጂ አይመልስም፤ 76 የሆነ ግራጫ ከቀይም ከጥቁር ሰማያዊም ሊመጣ ይችላልና። ግራጫውን «ባለቀለም» ብሎ ማስቀመጥማ አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደግሞ መጻፍ ነው።

ጠንከር የሚለው ተቃውሞ የፋይል ክብደት ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን የተደረገ አንድ ኤ4 ገጽ ሳይታመቅ በባለቀለም 26 ሜጋባይት ገደማ፣ በግራጫ 9፣ በድፍን ጥቁርና ነጭ 1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ማኅተም ለሌለው የተተየበ ጽሑፍ የመጨረሻው ይበቃል። የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ካርታ ግን በባለቀለም ተነሥተው ይቀመጡ፤ በኢሜይል ለመላክ ከከበዱ ግራጫው ከቅጂያቸው ይወጣል።