ከኖታው በፊት የሚመጣው ትንፋሽ

በኮምፒውተር የተቀነባበረ ኦርኬስትራ ፋታ ላይ ይጋለጣል። ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ አጭር ፊልም ሙዚቃ ሳቀናብር ቫዮሊኖቹ ዝም ባሉ ቁጥር ተጫዋቾቹም ክፍሉን ጥለው የወጡ ይመስሉ ነበር። ሳምፕሎቹ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጠቀምባቸው የድምፅ ቅጂዎች፣ እውነተኛ ሰው ተጫውቷቸው የተቀረጹ ናቸው፤ ነገር ግን ትንፋሹ፣ የወንበሩ ሲጥታ፣ የልብሱ ኮሽታ ተጠርጎ ወጥቷል። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ጨመርኩ፤ ባዶው ሰፋ እንጂ አልሞላም።

ፍንጩን ያገኘሁት ከፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቨኒርስ» በሚል የወጣው አልበማቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በቴፕ የቀረጹት ነው። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይንጫጫሉ፤ የፒያኖው ወንበር ይንቋቋል። እኔም ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር የቀረጽኩትን የወፍ ድምፅ ከኦርኬስትራው ስር አነጠፍኩ። ሐይቁ ለብቻው፣ ሙዚቃው ለብቻው ሆኑ።

ስለዚህ ወደ ወንበሩ ተመለስኩ። ወንበር የሚንቋቋው ሰውነት ሲያዘነብል ነው፤ ሰውነት ደግሞ የሚያዘነብለው ሊጫወት ሲል ነው። ጆሮ የሚፈልገው ይህንን ምክንያት ይመስለኛል። ኖታውን የሚያመጣ ሰው እንዳለ የሚነግረን ቀድሞ የተሰማው ድምፅ ነው።

አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጠራሁና ማይኩን አቅርቤ፣ «ከመጫወት በቀር ሁሉንም አድርግ» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አመቻቸ። እጅጌው የማሲንቆውን ቆዳ ሲታከክ፣ አየር በአፍንጫው ሲስብ፣ ድምፅ ከመውጣቱ በፊት የደጋኑ ጭራ ክሩን ሲነካ ተቀረጸ። ቫዮሊንንም የሚጫወቱት በጭራ ስለሆነ ድምፁ ለኦርኬስትራው ባዕድ አልሆነም።

ሥራው ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ለዝግታ ሙዚቃ ረዘም ያለ ትንፋሽ፣ ለፈጣኑ ቁርጥ ያለ፤ ሁሌም ከሐረጉ መጀመሪያ ቀደም ብሎ። ለቫዮሊኖቹ አንዱን ትንፋሽ ደጋግሜ ብጠቀም አንድ ግዙፍ ሰው የሚተነፍስ ስለሚመስል፣ የተለያዩ ቅጂዎችን በጥቂት ሚሊሰከንድ አራርቄ በተንኩ። ኦርኬስትራው የገባበት ሪቨርብ ለትንፋሾቹም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተጫዋቹ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ድምፃቸውንም ብቻቸውን እስከማይለዩ ድረስ ዝቅ አደረግኩ። የወፎቹን ትራክ አጠፋሁት። የወንበሩን ሲጥታ ያስገባሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ሴሎው ወደ ዝቅተኛው ኖታ ሊወርድ ሲል።