ለጡንቻ የተቀመመው መድኃኒት ለመጠጥ አምሮት ሲፈተን

መጠጥ የለመደ ሰው ለመተው ቢምልም፥ አምሮቱ በተነሣበት ጊዜ መሐላውን ያፈርሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ይህን አምሮት የሚያበርድ መድኃኒት ሲሹ ኖረዋል፤ ከተፈተኑትም አንዱ ባክሎፌን የተባለው ነው።

ባክሎፌን በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በስዊስ አገር በሲባ ኩባንያ ለሚጥል በሽታ ታስቦ ተቀመመ። ለዚያ እምብዛም ባይረዳም፥ የተኮማተረ ጡንቻን የሚያላላ ሆኖ ስለ ተገኘ ለነርቭ ሕሙማን ሲታዘዝ ቆየ።

ኦሊቪዬ አሜዘን የተባሉ ፈረንሣዊ የልብ ሐኪም በመጠጥ ሱስ ተይዘው ሲሠቃዩ፥ ይህንኑ መድኃኒት በገዛ ራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ መጠኑን በቀን እስከ 270 ሚሊግራም ካደረሱ በኋላም አምሮቱ ፈጽሞ እንደ ለቀቃቸው በ2005 በሕክምና መጽሔት አስታወቁ። በ2008 ታሪካቸውን በመጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ፥ በፈረንሣይ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ይጠይቁ ጀመር።

ይሁን እንጂ ያንድ ሰው መዳን ለብዙዎች ፈውስ ማስረጃ ሊሆን አይበቃም። ስለዚህ ሕሙማኑ በዕጣ ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ባክሎፌን፥ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል እንዲወስዱ ተደረገ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድም ሐኪሙና ሕመምተኛው አያውቁም ነበር። እያንዳንዳቸው 320 ሰዎችን ከያዙት ሁለት ሙከራዎች ባንደኛው፥ በቀን 180 ሚሊግራም ቢሰጥም፥ መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እስከ 300 ሚሊግራም ተሰጥቶ አንድ ዓመት በቆየው በሁለተኛው ግን፥ ባክሎፌን ከወሰዱት ከመቶ 57 ያህሉ መጠጥን ትተው ወይም እጅግ ቀንሰው ሲገኙ፥ ከሌሎቹ ለዚህ የበቁት ከመቶ 37 ያህሉ ናቸው። ከባድ ጉዳትም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታየ።

የፈረንሣይ የመድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ መካከል መንገድ መፈለግ ነበረበት፤ ቢከለክል የተረዱትን ሕሙማን ይጎዳል፥ ያለ ልክ ቢፈቅድ ሌሎችን ለአደጋ ይጥላል። ስለዚህ በ2018 መድኃኒቱ ለመጠጥ ሱስ እንዲታዘዝ ፈቀደ፤ መጠኑ ግን በቀን ከ80 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወሰነ። ይህም አሜዘን ከወሰዱት ሢሶውን አይሞላም። እርሳቸው ይህን ሳያዩ በ2013 ዐርፈዋል።

ባክሎፌን በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና የሌለ ነገር ሊያሳይ ስለሚችል፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ሹምም ሆነ መድኃኒት ሻጩ ነጋዴ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል፤ አሮጌ መድኃኒት ለሌላ በሽታ በታዘዘ ጊዜ፥ እንደ አዲስ ሊመረመርና ሊጠበቅ ያስፈልገዋልና።