ከየካቲት በፊት፦ የጓሮ ዓሣ ኩሬን ለሙቀት ማሰናዳት

ቢሾፍቱ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው የመጀመሪያ አስተማሪዎቹ ሐይቆቹ ናቸው። ከህዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወቅት የሆራና የባቦጋያ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ውሃ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ለወራት ኦክስጅን አጥቶ ከሥር የተኛው ውሃም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ መገለባበጥ ሲበረታ ዓሣ በጅምላ ሞቶ ውሃው ዳር ይታያል። የእኔ የጓሮ ኩሬ ጥልቀቱ 1 ሜትር ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለ አደጋ አያሰጋውም። ነገር ግን ከሐይቆቹ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ዓሣን ከብርዱም ከሙቀቱም በላይ የሚያጠቃው የትንፋሽ እጦት ነው።

የካቲት ገብቶ ፀሐይ ስትበረታ በኩሬዬ የማረባው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ በደንብ ይበላል፣ ይፋፋል፣ ይራባል። በጣም የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ነው። ከ20 በታች ሲሆን አመጋገቡ ይቀንሳል፤ ወደ 15 ሲወርድ ምግብ ይተዋል፤ 10 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ ሙቀቱን የምንናፍቀው በምክንያት ነው። ግን ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምንኖር አየሩ የሳሳ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለ እኩል ከሞቀ ውሃ ጋር ሲነጻጸር የእኛው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ዓሣው አብዝቶ መተንፈስ በሚፈልግበት ወር ውሃው የሚሰጠው ትንሽ ነው ማለት ነው። ጥር ላይ የምሠራው ሥራ ሁሉ ይህን ጉድለት አስቀድሞ ለማቃለል ነው።

ማፍሰስና ማድረቅ

ኩሬዬ 6 በ8 ሜትር ነው። የተቆፈረው ከጓሮው ከፍ ባለው በኩል ሲሆን የአትክልት መደቦቹ ከበታቹ ናቸው፤ ውሃው ያለ ፓምፕ በቦይ ይወርዳል። አፈራችን መረሬ ነው። መረሬ ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ፕላስቲክ ማንጠፍ አላስፈለገኝም። ቀይ አሸዋ ወይም ድንጋያማ መሬት ያላችሁ ግን ጂኦሜምብሬን ካላነጠፋችሁ የሞላችሁት ውሃ ሰርጎ ያልቃል።

ጥር ላይ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ኩሬውን አፈስሰዋለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ሁሉም ያውቃል። ትልልቁ ለገበያና ለቤት ይወጣል። ከዚያ ባዶው ኩሬ አንድ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይመታዋል። ፀሐይዋ የተረፈ ጫጩትና እንቁላል፣ ተባይም ታጠፋለች። ከሥር የተከማቸው ጥቁር ጭቃ ደግሞ ይደርቃል። ይህ ጭቃ የዓሣ ኩስና ያልተበላ መኖ ነው፤ እዚያው ቢቀር ሙቀት ሲመጣ እየበሰበሰ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በአካፋ እየዛቅን ወደ መደቦቹ እንወስደዋለን። ለኩሬው መርዝ የሆነው ለጎመኑ ሲሳይ ነው።

መረሬ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ የኩሬውን ግድብ አልፎ አልፎ በውሃ አርሰዋለሁ፤ ሣርም አለብሰዋለሁ። ዛፍ ግን ግድብ ላይ አልተክልም፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። እንደ ጎጃምና ወለጋ ደጋ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አካባቢ በዚህ ወቅት የግብርና ኖራ መበተን ያስፈልጋል፤ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይበቃል። የእኛ አፈር ይህን አይጠይቅም።

ውሃውን አረንጓዴ ማድረግ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ከተሞላ በኋላ ዓሣ ሳይገባበት ጥቂት ቀናት ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል። በእነዚህ ቀናት የደረቀ የከብት እበት በጆንያ አስሬ ኩሬው ጥግ ላይ እነክራለሁ። ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 10 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ ለእኔ ግማሹ ነው። እበቱ ለዓይን የማይታዩትን የውሃ ዕፅዋት ይመግባል፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፤ ቆሮሶም ይበላቸዋል። ቀን ላይ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን ራሳቸውም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ከልክ ካለፉ ሊነጋ ሲል ውሃው ትንፋሽ ያጣል።

ልኩን የምለካው በክንዴ ነው። እጄን ቀጥ አድርጌ አስገባለሁ፤ ውሃው ክርኔ ጋ ሲደርስ መዳፌ ከዓይን ከጠፋ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ከጠፋ ጆንያውን አወጣለሁ። ክርኔ ገብቶም መዳፌ ከታየ እበት እጨምራለሁ። እበቱን በጆንያ የማስረው ለዚህ ነው፤ የተበተነ እበት ተመልሶ አይለቀምም።

ጫጩት ማስገባት

የዓሣ ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ አድራሻ የሰበታ የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ጫጩት የማስገባው የማለዳው ውሃ ከ20 ዲግሪ በላይ መሆኑን በቴርሞሜትር ካየሁ በኋላ ነው። የመጡበትን ላስቲክ ሳልፈታ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አንሳፍፈዋለሁ፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት ሲቀራረብ በራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ አደርጋለሁ።

ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል። ሰው ብዙ ባስገባ ብዙ አገኛለሁ ይላል፤ ውሃው ግን የሚያሳድገው በልኩ ነው። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወር ዕድሜው ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ኩሬው በትናንሽ ዓሣ ይሞላና አንዱም ለድስት አይደርስም። መፍትሔው ወንድ ወንዱን ብቻ ማርባት፣ ወይም ቆሮሶዎቹ ጠንከር ካሉ በኋላ ከእነሱ ያነሱ ጥቂት አምባዛዎች ማስገባት ነው። አምባዛ የተፈለፈለውን ጫጩት እየበላ ቁጥሩን ይቆጣጠራል።

መኖው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ አንድ ቦታ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል እሰጣለሁ። የተረፈ መኖ ካየሁ በማግስቱ እቀንሳለሁ። ሊነጋ ሲል ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ መኖም እበትም አቁሜ ከሥር አሮጌውን ውሃ እየለቀቅሁ ክሎሪኑ የወጣለት አዲስ ውሃ እጨምራለሁ።

ጓሮው

ያ ከሥር የሚለቀቀው ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ስለሆነ በቦይ ወርዶ ቆስጣውን፣ ጎመኑን፣ ሰላጣውንና ቲማቲሙን ያጠጣል። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ጥር ላይ መደብ ላይ ይፈላል፤ ኩሬው ተሞልቶ መልቀቅ ሲጀምር ለመዛወር ይደርሳል። ሰላጣ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ ቅጠሉን ሳላርስ ከሥሩ ብቻ አጠጣዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ስለ ፀረ ተባይ ነው። ጎረቤቴ ያለው ወጣት መርጫውን ተሸክሞ አጥሩ ጋ መጣና፣ «እትዬ፣ ቲማቲምዎ ላይ ትል አይቻለሁ፤ የኛን ስረጭ ልርጭልዎ?» አለኝ።

«ተባረክ ልጄ፤ እኔ በእጄ እለቅመዋለሁ። አንተም ከአጥሩ ራቅ በል፤ ነፋሱ ወደ ኩሬው ነው።»

«ለዓሣም ይደርሳል እንዴ?»

ይደርሳል። ሳይፐርሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባሉት የተለመዱ ፀረ ተባዮች ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው፤ በነፋስ የመጣ ጥቂት ጠብታም ትንሽ ኩሬን ይጎዳል። ይህን ከነገርኩት ወዲህ የሚረጨው ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው፤ መርጫውንም ከኩሬው ርቆ ያጥባል።

የቀረው አጥርና መረብ ነው። አጥሩ ለሰፈር ልጆች ነው፤ 1 ሜትር ውሃ ሕፃን ይወስዳልና ኩሬ ያለ አጥር አይቆፈርም። መረቡ ከሐይቆቹ ለሚመጡ ዓሣ በል ወፎች ነው። አበባው አማረን ብላችሁም ቆቃንና ጣናን ያስጨነቀውን እምቦጭ ወደ ኩሬያችሁ አታምጡ።

ዘንድሮ ለመጀመር የምታስቡ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የምታገኙና ጓሯችሁ ቀኑን ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ጀምሩ። ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቱ። መጀመሪያ መደቡን አዘጋጁ፤ ጭቃውና አሮጌው ውሃ የሚሄድበት ከሌለ እዚያው ይቀመጣሉ፣ ሙቀቱም ሲመጣ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጡታል። ቀጥሎ ውሃውን፣ በመጨረሻ ዓሣውን። በዚህ ቅደም ተከተል የተሰናዳ ኩሬ የካቲትን በዝግጅት ይቀበላል፤ ቤተሰቡም ከአንድ ጓሮ ዓሣም ጎመንም ይበላል።