ስለ ዘር መተካት፤ ሴት ልጅ ብትወለድ የማን ሥራ ነው?

ባለፈው ወር አንድ የባዮሎጂ መምህር ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ ስለ ዕፀዋት፣ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው አወላለድ የሚናገረውን ምዕራፍ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው እንዴት አድርገው እንደሚያስተምሩ ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ያደርጉት የነበረው የአበባን ክፍሎች በሰሌዳ ላይ ሥለው ካሳዩ በኋላ፣ የሰው ተራ ሲደርስ «ይህን በቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ማለፍ ነበር። እኔም ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ መምህራችን ያደረጉት ይህንኑ ስለ ነበረ ልወቅሳቸው አልደፈርኩም። ነገር ግን የታለፈው ምዕራፍ ኋላ ምን ያህል ዕዳ እንደሚያስከፍል በሥራዬ ላይ ዘወትር አያለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት አምስተኛ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ሕፃኗ ጤነኛ ነበረች፤ እናትየው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር። አምስቱም ልጆቿ ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ባሏ ወንድ ልጅ የምትወልድለት ሌላ ሚስት እንዲያገባ ዘመዶቹ እንደ መከሩት ነገረችኝ። ባልየውን አስጠርቼ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። «ሐኪም፣ እኔ ዘሬን ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እርሷ ናት የምታውቀው» አለኝ።

ይህ አነጋገር ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። የመጣው «ዘር» ከሚለው ቃል ነው። ገበሬ ስንዴ ሲዘራ መሬቱ ውሃና ምግብ ይሰጣል እንጂ ስንዴውን ገብስ አያደርገውም፤ ሳይበቅል የቀረ እንደ ሆነም መሬቱ ይወቀሳል። ሰዎች በዚህ ምሳሌ ተመርተው ወንድን ዘሪ፣ ሴትን እርሻ አደረጉ። ይህም የእኛ አገር ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል እንኳ መልክንና ባሕርይን የሚሰጠው አባት ነው፣ እናት የምትሰጠው ሥጋው የሚሠራበትን ነገር ነው እያለ አስተምሯል። ምሳሌው የሚፈርሰው ግን ከዚያው ከእርሻው ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ መምህራን ከበቆሎ የተሻለ መሣሪያ አያገኙም። በአገዳው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው አበባ ወንዴው ነው፤ ከእርሱ የሚረግፈው ቢጫ ዱቄት የወንዱን ዘር ተሸክሟል። ከታች በእሸቱ ጫፍ ላይ እንደ ሐር የሚንጠለጠለው ጸጉር ደግሞ የሴቴው አበባ ክፍል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጸጉር በልባሱ ውስጥ ከተሰወረች ከአንዲት እንቁላል ጋር የተያያዘ ነው። ነፋስ ያመጣት የዱቄት ቅንጣት በጸጉሩ ላይ ስታርፍ፣ ዐይን የማያየው ቀጭን ቱቦ ታበቅላለች፤ ቱቦውም በጸጉሩ ውስጥ እየወረደ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ከእንቁላሏ ዘንድ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የወንዱና የሴቲቱ ይዋሐዱና አንዲት የበቆሎ ፍሬ ትፀነሳለች። እሸት ጠብሰን ስንበላ አልፎ አልፎ ባዶ ሆኖ የምናገኘው ቦታ ጸጉሩ ዱቄት ሳይደርሰው የቀረ ነው። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር፣ ጸጉሩ ገና ሳይወጣ አንዱን እሸት በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ይሰር፤ ጸጉሩ እስኪደርቅ ድረስም አይፍታው። በመጨረሻ ልባሱን ሲገልጥ የሚያገኘው ባዶ ቆረቆንዳ ነው።

እንግዲህ ገበሬው ከጎተራ አውጥቶ የሚዘራት ፍሬ አባትም እናትም ያላት፣ የተፀነሰች ሕፃን ናት። መሬቱ ሞግዚቷ ነው እንጂ እናቷ አይደለም። በሰው ዘንድ «የወንድ ዘር» የምንለው ነገር የሚመሳሰለው ከፍሬዋ ጋር ሳይሆን፣ ብቻውን ቢዘራ ምንም ከማያበቅለው ከቢጫው ዱቄት ጋር ነው።

በአንዳንድ ዕፀዋት ወንዱና ሴቲቱ በየብቻቸው የቆሙ ዛፎች ናቸው። የኮሶ ዛፍ እንዲህ ያለ ነው፤ ለመድኃኒት ይለቀም የነበረው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። (ነገሩ ከተነሣ ዘንድ፣ ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዐይን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡርንም ስለሚጎዳ፣ ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ክኒን መውሰድ ይሻላል።) በከተማ ግቢ ውስጥ ፓፓያ የተከለ ሰውም አበባው በረዥም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚረግፈውን ዛፍ «ፍሬ አልሰጠኝም» ብሎ ይቆርጠዋል። ወንዴው እርሱ ነው፤ በአካባቢው ሌላ ከሌለ በሚቀጥለው ጊዜ ሴቴዎቹም ፍሬ ይነሡታል።

ያለ አባትና ያለ እናት የሚባዛም ተክል አለ። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬ እንሰትን የሚያባዛው በፍሬው ሳይሆን፣ የወጣቱን ተክል ሥር ቆርጦ፣ መካከሉን ፈልፍሎ በመቅበር ነው። ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኞች ያቆጠቁጣሉ፤ ሁሉም በባሕርያቸው ከእናታቸው አይለዩም። ለገበሬው ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንሰቱን የሚያጠወልገው በሽታ ሲገባ አንዱን የጣለው ሌላውንም ሊጥል ይችላል። ከሁለት ወላጆች የሚገኝ ልጅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከወንድሞቹ ይለያልና፣ አንዱን ያሸነፈው በሽታ ሌላውን ላያሸንፈው ይችላል።

ወደ እንስሳት ስንመጣ ነገሩ ያው ሆኖ፣ ወንድና ሴት የሚለየው ግን በልዩ ልዩ መንገድ ነው። ዶሮ ያለ አውራ ዶሮም እንቁላል ትጥላለች፤ ያ እንቁላል ግን 21 ቀን ሙሉ ቢታቀፍ ጫጩት አይወጣውም። አውራ ዶሮ የደረሰበት እንቁላል ሲሆን፣ ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን የምትወስነው እናቲቱ ናት። በዶሮ ዘንድ እናቲቱን መውቀስ እውነት በሆነ ነበር! በንብ ዘንድ ደግሞ የወንድ ዘር የነካው እንቁላል ሴት፣ ያልነካው ወንድ ይሆናል፤ ስለዚህ ወንዱ ንብ አባት የለውም። እኛ «አውራ» እያልን በወንድ ስም የምንጠራትም የቀፎው ሁሉ እናት ናት። የዓባይ አዞ ይባስ ብሎ ነገሩን ለአሸዋው ሙቀት ትቶታል፤ እንቁላሉ የተቀበረበት ቦታ የሙቀት መጠን ልጁን ወንድ ወይም ሴት ያደርገዋል።

አባትና እናት እኩል እኩል እንደሚያዋጡ ለማሳየት ግን በቅሎ ትበልጣለች። በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የባሕርይ መልእክት የተጻፈባቸው ክሮሞሶም የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮች አሏቸው፤ ባዝራዋ ግማሿን 32፣ አህያው ግማሹን 31 ይሰጡና በቅሎ 63 ይኖራታል። ይህ ቁጥር ጎዶሎ ስለ ሆነ፣ ክሮቹም በሚገባ ጥንድ ጥንድ ሆነው መግጠም ስለማይችሉ በቅሎ መካን ሆና ትቀራለች። በተረት አባቷን ሲጠይቋት እናቴ ፈረስ ናት የምትለው በቅሎ፣ በሕዋሷ ውስጥ ግን አባቷን መካድ አይቻላትም።

የሰው ነገርም ከዚሁ ሥርዓት አይወጣም። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን በሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎቿ ውስጥ ይዛ ትወለዳለች፤ ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እየበሰለች ትወጣለች። የእንቁላሏ ስፋት የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። የወንዱ ዘር ግን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በውጭ አገር ስማር መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየሁት ቀን፣ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያን ያህል ብዙ ጭራ ያለው ነገር ሲርመሰመስ አይቼ፣ ሌላውን ተማሪ ተራ እስከ መከልከል ደርሼ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1677 መጀመሪያ ያየው የሆላንዱ ሌቨንሁክም ሳይደነቅ አልቀረም። የአጥቢ እንስሳት እንቁላል ግን እስከ 1827 ድረስ አልታየም ነበር፤ በዚያን ዓመት ፎን ቤር በውሻ ላይ አገኘው። በዚህ 150 ዓመት ውስጥ የአባት ድርሻ ታይቶ የእናት ድርሻ ስላልታየ፣ አንዳንድ ሊቃውንት በወንዱ ዘር ራስ ውስጥ ትንሽ ሰው ተጣጥፎ ተቀምጧል እስከ ማለት ደርሰዋል።

በሩካቤ ጊዜ ከወንዱ የሚወጣው ዘር በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሲሆን፣ በማሕፀን በኩል አልፎ እንቁላሏ ወደምትገኝበት ቱቦ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ከእንቁላሏ የሚዋሐደውም አንዱ ብቻ ነው። እንቁላሏ ከዕጢው ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲሆን፣ የወንዱ ዘር በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከተዋሐዱ በኋላ ሕዋሱ እየተከፈለ ወደ ማሕፀን ይወርድና፣ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ በማሕፀኑ ግድግዳ ላይ ይተከላል። ፅንስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ማሕፀን ለእንግዳው ያዘጋጀችውን ንጣፍ ትጥላለች፤ የወር አበባ የሚባለው ይህ ስለ ሆነ፣ በሽታም ነውርም አይደለም። ፅንሱ በእንግዴ ልጅና በእትብት አማካይነት ከእናቱ ምግብና አየር ያገኛል፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ ደም በቀጥታ አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ባልየው ጥያቄ እንመለስ። የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑ በትክክል የታወቀው በ1956 ነው። ከእነዚህ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ወንድና ሴትን የሚለዩት ሁለቱ ናቸው፤ እነርሱም ኤክስና ዋይ ይባላሉ። ሴት ሁለት ኤክስ ሲኖራት፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ስለዚህ እናት ለልጇ የምትሰጠው ምንጊዜም ኤክስ ነው፤ ሌላ የላትምና። የአባት ዘር ግን ግማሽ ያህሉ ኤክስ፣ ግማሽ ያህሉ ዋይ ተሸክሟል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከእንቁላሏ የተዋሐደ እንደ ሆነ ሴት ትወለዳለች፤ ዋይ የያዘው የቀደመ እንደ ሆነ ወንድ ይወለዳል። ይህን በ1905 በአንድ ዓይነት ጥንዚዛ ላይ መርምራ የገለጠችው ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ሴት ናት።

ሰውዬው ይህን በወረቀት ላይ ሥዬ ባሳየሁት ጊዜ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነዋ!» አለ። የእርሱም አይደለም። አባት ከዘሩ የትኛው እንደሚቀድም በፈቃዱ የሚያዝበት መንገድ የለውም። ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ያለ ነገር ነው። አምስት አምስት ልጆች ካሏቸው 1,000 ቤተሰቦች መካከል ወደ 30 የሚሆኑት አምስቱም ሴቶች ሆነው ይገኛሉ፤ በስድስተኛው ጊዜም ዕድሉ ያው ግማሽ ለግማሽ ያህል ነው። ወንድ ልጅ የሚያስፀንስ ቅጠል ወይም ሥር አለን ብለው የሚሸጡ ሰዎችም ግማሽ ያህሉን ጊዜ ያለ ሥራቸው ይመሰገናሉ፤ ዋጋቸውን የሚያገኙትም በዚሁ ነው።

ልጅ ጨርሶ ያጡ ባልና ሚስት ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በተለመደው አስተያየት ፀበሉም፣ መድኃኒቱም፣ ፍቺውም የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው። ነገር ግን ልጅ ካጡት ባልና ሚስት በግማሽ ያህሉ ዘንድ፣ ብቻውንም ሆነ ከሴቲቱ ጋር ተደርቦ፣ በወንዱ በኩል ችግር ይገኛል። ለሩካቤ ብርቱ የሆነ ወንድ ዘሩ ጥቂት ወይም ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በጎልማሳነት የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጥ ወርዶ ጉዳት ያደረሰበት ሰውም አለ። በሴቶች በኩል የሚበዛው ምክንያት፣ ሳይታከም የቆየ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ፣ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ የገባ መርዝ ቱቦዎቹን መድፈኑ ነው። ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ሕመም ሳያሳይ ይቆያል። አንዱ ታክሞ ሌላው ሳይታከም ከቀረም በሽታው ተመልሶ ይይዛል።

ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ኖረው፣ መከላከያ ሳይወስዱ ፅንስ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነችም ከስድስት ወር በኋላ፣ ሁለቱም በአንድነት ወደ ሐኪም መምጣት አለባቸው። ምርመራው በባልየው ቢጀመር ይመረጣል፤ የእርሱ ቀላሉ ነው፤ መቆረጥም መወጋትም የለበትም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከሩካቤ ታቅቦ፣ ዘሩን ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ፣ በቤቱ የወሰደ እንደ ሆነ ከብርድ ጠብቆ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማድረስ ነው። ቱቦዋ የተደፈነባት ሴትም ቢሆን ተስፋዋ አልተቆረጠም፤ እንቁላሏን ከሰውነት ውጭ ከባሏ ዘር ጋር አዋሕዶ ወደ ማሕፀን የመመለስ ሕክምና በ1978 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋን ሕፃን ካስገኘ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ለዚሁ ሕክምና የሚሆን ማዕከል ተከፍቷል። ወደዚያ የሚላክ ሰው የሁለቱንም የምርመራ ውጤት፣ የባልየውንም ጭምር፣ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ምልልስ ይድናል።