በግቢ የሚኖረው ውሻና የልጆች ጤና

ውሻ ለሰው የቅርብ ባልንጀራ ሆኖ መኖር ከጀመረ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮ እንደ ተከተለው ተጽፎአል። በወንጌልም የአልዓዛርን ቍስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ከነዓናዊቱም ሴት ከጌቶቻቸው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ የሚለቅሙትን ውሾች ምሳሌ አድርጋ እምነቷን ገለጸች። ታዲያ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ የምንከለክለው እኛው ራሳችን፥ በገዛ ደጃችን ግን ቤት ጠባቂ፥ ሌባ አባራሪ፥ የልጆችም መጫወቻ አድርገን እናኖረዋለን። ይህን የምናደርገው በደግነትም በጥቅምም ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አብሮን ስለሚኖረው ስለዚህ እንስሳ ሆድ ምን ያህል እናውቃለን?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ መራዊን አልፎ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዱርቤቴ ሲደርስ፥ በዚያም ሆነ በጣና ዳር ባሉት ሰፈሮች፥ የግቢ በር ላይ ያልተኛ ውሻ የሌለበትን መንደር ማግኘት ያስቸግረዋል። አንዳንዱ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፥ ሌሊት ይፈታል፤ የሚበዛው ግን ቀን ከሰፈር ሰፈር ሲዞር፥ ከገበያና ከሥጋ ቤት ደጅ ሲለቅም ውሎ ማታ ወደ ጌታው ደጅ ይመለሳል። ባለቤት ያለው ውሻና ባለቤት የሌለው ውሻ በአንድ ቆሻሻ ላይ ተገናኝተው አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ ማለት ነው።

ውሻን በተመለከተ ሕዝባችን የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዕብደት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የውሻ ዕብደት ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድንበት መንገድ የለምና ክትባቱን ችላ ማለት አይገባም። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ወደ ጥርሱ ሲመለከት በዓይነ ምድሩ የሚወጣውን ረስቶታል። የሚነክሰው ውሻ ይታያል፥ ይጮኻልም፤ ትሉ ግን ድምፅ የለውም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ. ም. የታተመ አንድ የእንስሳት ሐኪሞች ጥናት በባሕር ዳር ከተማ በቤት የሚኖሩትንና በመንገድ የሚዞሩትን ውሾች ዓይነ ምድር መርምሮ፥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሆድ ትል ያለባቸው ሆነው መገኘታቸውን ገልጾአል። ከሁሉ ይበልጥ የተገኘው ደም መጣጩ መንጠቆ ትል ነው፤ ቀጥሎም በልጆች ሆድ የምናውቀውን ወስፋት የሚመስለው የውሻ ወስፋት ይመጣል። ምናልባት አንባቢው «የመንገድ ውሻ ከሆነማ ምን ያስደንቃል» ይል ይሆናል። ነገር ግን በቤት የሚኖሩትም ከዚህ ነፃ አልነበሩም።

ከእነዚህ መካከል ለቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የውሻ ወስፋት ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት እንቈይ። ይህ ትል ነጣ ያለ፥ ቁመቱም እስከ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ሲሆን፥ በቡችላ አንጀት ውስጥ ሲበዛ የቡችላው ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፥ ጠጕሩም ይከረደዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ቡችላ እንዲህ ነው፥ ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ብዙ ጉዳት ያመጣ ይመስለናል። ቡችላው ትሉን ያገኘው ከቆሻሻ አይደለምና፤ ገና ሳይወለድ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው። ደቃቅ የሆኑት ዕጮች በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝተው ይቈዩና፥ ባረገዘች ጊዜ ነቅተው በደሟ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ፤ ከተወለደም በኋላ ከወተቷ ጋር ይጠባቸዋል። ስለዚህ እናቲቱ ንጹሕና ወፍራም መስላ ብትታይ ቡችሎቿ ከትል ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም። ቡችላው አንድ ወር ሳይሞላው በፊት ወይም በዚያው ገደማ ዕንቁላሉን በግቢው ላይ መበተን ይጀምራል፤ አንዲቱም እንስት ትል በየቀኑ የምትጥለው ዕንቁላል በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ነው። ልጆች ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚያቅፉትና የሚስሙት ውሻ ይኸው ቡችላ ነው።

ዕንቁላሉ ከውሻው እንደ ወጣ ወዲያው ሰውን አይጎዳም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በመሬት ላይ ሲቈይ ነው ውስጡ ዕጭ የሚፈጠርበት። ይህ ለትጉህ ቤተ ሰብ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ከተነሣ አደጋው ሳይበስል ይወገዳልና። ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ ግን ዕንቁላሉ ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ለዓመታት ሳይሞት ይኖራል። የሚገድለው ፀሐይና ድርቀት ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ለወራት በማይቋረጥበት በአቸፈርና በጣና ዙሪያ ግን የግቢው አፈር ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት አያጣም። ውሻው ከሞተ ወይም ከተሸጠ በኋላ እንኳ ልጆች የሚጫወቱበት አፈር በዕንቁላሉ ተመርዞ ሊቈይ ይችላል።

በእጁ አፈር ቈፍሮ እጁን ወደ አፉ የሚሰድድ ሕፃን፥ ወይም ከጓሮ የተቈረጠ ሰላጣ ሳይታጠብ የሚበላ ሰው ዕንቁላሉን ይውጣል። ዕጩም በአንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ ግድግዳውን ይበሳና ከደም ጋር ይጓዛል። የሰው አካል የተፈጥሮ ቤቱ ስላልሆነ አድጎ ትልቅ ትል ሊሆን አይችልም፤ እንደ ጠፋ መንገደኛ በጉበት፥ በሳንባ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንጎልና በዓይን ውስጥ ሲንከራተት ይኖራል እንጂ። የሚበዙት ልጆች ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ይቀራሉ። አንዳንዶቹ ግን ትኩሳት፥ ሳል፥ የትንፋሽ ማፈን፥ የጉበት ማበጥ ያገኛቸዋል። ትሉ በአንጀት ስለማይኖር በዓይነ ምድር ምርመራ አይገኝም፤ ሐኪም የሚደርስበት በደም ምርመራ ነው። እናት ልጅዋን ወደ ሐኪም ቤት ስትወስድ «በቤታችን ቡችላ አለ፥ ልጁም አፈር ይበላል» ብላ መናገሯ ስለዚህ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሐኪሙ ራሱ ላይጠይቃት ይችላልና።

በዓይን ስለሚደርሰው ጉዳት የሕክምና ታሪክ አንድ የሚያሳዝን ነገር መዝግቦአል። በአሜሪካ አገር በ1950 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ሔለነር ዋይልደር የተባለች ተመራማሪ፥ ሐኪሞች በካንሰር ጠርጥረው ያወጡአቸውን 46 የልጆች ዓይኖች በማጕያ መነጽር መረመረች፤ በ24ቱ ውስጥ ካንሰር ሳይሆን የትል ዕጭ ምልክት አገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1952 ፖል ቢቨርና ባልንጀሮቹ በሌሎች ልጆች ሰውነት ውስጥ የሚዞረው ዕጭ የውሻ ወስፋት መሆኑን አስረዱ። እነዚያ ልጆች ዓይናቸውን ያጡት ማንም ስለ ነገሩ ባላወቀበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን ይታወቃል። የአንድ ልጅ ዓይን መንሸዋረር ሲጀምር፥ ወይም ብሌኑ ነጭ ሆኖ ሲታይ፥ ወይም ልጁ አንዱን ዓይኑን ሲሸፍኑበት የማያይ ሲሆን፥ «ቡዳ ነው» ወይም «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ መቈየት አይገባም። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክሉም፤ መዘግየት ግን ብርሃንን ያሳጣል።

ስለ መንጠቆ ትል በአጭሩ እንናገር። እርሱ የቡችላን ደም መጥጦ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚገድል ነው፤ የቡችላው ድድ ሲነጣ ዓይነ ምድሩም ጥቍር ሲሆን ምልክቱ ይኸው ነው። ዕጩ በእርጥብ አፈር ላይ ሆኖ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ ይበሳና፥ ከቆዳው ሥር የተጠማዘዘ ቀይ መስመር እያወጣ ያሳክካል። ቁንጫ የሚያስተላልፈው ሌላው ትል ደግሞ በውሻው ጅራት ሥር እንደ ዱባ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ልጅ ቁንጫውን ድንገት ከዋጠ ይይዘዋል፥ ሆኖም ጉዳቱ ቀላል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አሳብ ማረም አለብን። ብዙ ሰው «ኮሶ የያዘኝ ከውሻው ነው» ሲል እንሰማለን። አይደለም። በአገራችን ሰው ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ትሉም ከሰው ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው ይመላለሳል እንጂ ውሻ በዚህ ነገር የለበትም። የግልገል ዓባይን ምንጭ ለማየት በ1770 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍ ከነሥዕሉ ጽፎአል፤ መድኃኒቱ ከእኛ ወጥቶ በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የሚያኮራ ቢሆንም ኮሶን ለውሻ በጥብጦ መስጠት ብልህነት አይደለም። በልክ ካልሆነ የሰውን ዓይን እንኳ የሚጎዳ መድኃኒት ነውና።

የውሻው በደል ያለው በሌላ ዓይነት ኮሶ ነው፤ በዚህም ከውሻው ይልቅ በዳዮቹ እኛ ነን። የፋሲካን ነገር እናስብ። 55 ቀን ጾመን፥ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አሳልፈን፥ በየቤታችን በግ እናርዳለን፤ ጎረቤት ተሰብስቦም ለቅርጫ በሬ ይጥላል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ከታየ፥ ባለ ቢላዋው «ይህ ለውሻ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። ቤቱን የሚጠብቀውም ውሻ የጾሙን ወራት ከእኛ ጋር በደረቅ እንጀራ ስላሳለፈ በደስታ ይቀበላል። በፊኛው ውስጥ ግን ዓይን ሊለያቸው የማይችሉ ብዙ የትል ራሶች አሉ። እነዚህ በውሻው አንጀት ተጣብቀው፥ ቁመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ደቃቅ ትሎች ይሆናሉ። ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላም ዕንቁላል ይጥላሉ። በፋሲካ የተወረወረው ሳንባ በጰራቅሊጦስ ሰሞን ወደ ግቢያችን ይመለሳል ማለት ነው። ይህ ዕንቁላል ደግሞ እንደ ወስፋቱ ሳምንታት አይጠብቅም፤ እንደ ወጣ ይለክፋል፥ በውሻውም ጠጕር ላይ ይጣበቃል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ የሚያድግ የውሃ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱም ድንገት ቢፈነዳ ነፍስ እስከ መግደል ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነው።

ይህ በእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ቄራ የተደረገ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የታተመ ጥናት፥ ከታረዱት ከብቶች ከሦስቱ የአንዱ ያህል ይህ ከረጢት እንደ ተገኘባቸው ያስረዳል። በቄራ የሚመረምር ሐኪም አለ፤ በጓሮአችን ስናርድ ግን መርማሪው የቤቱ አባወራ ራሱ ነው። ገበሬው «አዙሪት» የሚለው፥ በጉን በአንድ ወገን እያዞረ የሚጥለው በሽታም እንዲሁ ከውሻ ትል የሚመጣ ነው፤ የታመመው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ በተጣለ ቍጥር በሽታው ለሚመጣው ዓመት መንጋ ይዘራል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ቡችላ ሁለት ሳምንት ሲሞላው የወስፋቱን መድኃኒት ይጀምራል፤ ሁለት ወር እስኪሞላውም በየሁለት ሳምንቱ ይደገምለታል፥ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። ያደገ ውሻ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይሰጠው ዘንድ ሐኪሞች ይመክራሉ። ለወስፋቱና ለመንጠቆ ትሉ ፒራንቴል የሚባለው፥ ለኮሶ ዓይነቶቹ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ያገለግላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ልኩም በውሻው ክብደት ስለሚወሰን ለልጆች የተገዛውን ክኒን ከፍሎ መስጠት አይበቃም። ጥሬ ሆድ ዕቃ ከማግኘት ሊከለከል የማይችል ውሻ ፕራዚኳንቴልን በየስድስት ሳምንቱ ቢያገኝ ይሻለዋል። ወጪው ከበጉ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ውሻው ክትባቱን ሊወጋ በሚወሰድበት ዕለት ይህንንም አብሮ መጠየቅ ይቻላል።

ዓይነ ምድሩን በአካፋ አንሥቶ በጕድጓድ መቅበር ለልጆች የሚተው ሥራ አይደለም፤ የሠራው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ለበዓል በሚታረድበት ቀን ደግሞ ከማረዱ በፊት ውሻው ይታሰር፤ ፊኛ የታየበት ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ደኅና የሚመስለውም ሆድ ዕቃ ለውሻው የሚሰጥ ከሆነ፥ ተቈራርጦ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ይሁን። የቤቱ እመቤት ለዶሮው ወጥ ካነደደችው እሳት ጥግ አንድ አሮጌ ድስት ብትጥድ ይበቃል።