የብጉር እንክብል መጀመሪያና ማብቂያ

በናይሮቢ ከተማ «ኬሚስት» እየተባለ የሚጠራው የመድኃኒት መደብር ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅና ከፀጉር ቤት ጋር ጎን ለጎን በየሰፈሩ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመደርደሪያው ላይ ከማይታጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ዶክሲሳይክሊን አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚባሉትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሚገድል ወይም እድገታቸውን የሚገታ መድኃኒት ነው፤ ኮሌራን፣ ከከብትና ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን፣ አንዳንድ የአባላዘር በሽታዎችንና የሳንባ ምችን ለማከም፣ ለመንገደኞች ደግሞ ወባን ለመከላከል ያገለግላል። ይኸው እንክብል በስዋሂሊ «ቹኑሲ»፣ በአማርኛ «ብጉር» ለሚባለው የቆዳ ችግርም ይታዘዛል። በኢስትሊና በሌሎች የናይሮቢ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከመድኃኒቱ ዘመዶች አንዱን ከአገራቸው ያውቁታል፤ ለዓይን ሕመም የሚቀባው «ቲቲሲ» ማለትም ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን የሚመደብበት ቤተሰብ መጠሪያ ነውና።

አንድ ወጣት ፊቱን ለማከም የሚውጠውና አንድ የኮሌራ ሕመምተኛ ነፍሱን ለማትረፍ የሚውጠው እንክብል አንድ መሆኑ፣ ስለ ብጉር ሕክምና በሚደረግ ውይይት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መድኃኒቱ ለብጉር ይጠቅማል፤ ጥቅሙም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ የሚጠቅመው በትክክለኛው ሰው፣ ከትክክለኛው አጋር ጋር፣ መጀመሪያውም ማብቂያውም ተወስኖ ሲወሰድ ብቻ ነው።

ብጉር ከምን ይመጣል?

በሰው ቆዳ ላይ፣ በተለይም በፊት፣ በደረትና በጀርባ፣ ከእያንዳንዱ የፀጉር ሥር ጋር የተያያዘ ወዝ አመንጪ ዕጢ አለ። በጉርምስና ዕድሜ አንድሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ዕጢው ከወትሮው የበለጠ ወዝ ያመነጫል፤ በፀጉሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚረግፈው የሞተ ቆዳም ከወዙ ጋር ተጣብቆ መውጫውን ይደፍነዋል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክነስ ይባል የነበረው፣ ወዙን እየተመገበ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያም ለዚህ በሚሰጠው ምላሽ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ይህ የመቆጣት ሂደት በሕክምና ቋንቋ ብግነት ይባላል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ባክቴሪያው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም የሚኖር ነዋሪ እንጂ ከውጭ የመጣ ወራሪ ስላልሆነ፣ ብጉር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ፊትን ደጋግሞ በሳሙና መፈተግም ቆዳውን ከማስቆጣት በቀር አይፈይድም። ሁለተኛው፣ ባክቴሪያው ከአራቱ መንስኤዎች አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ብቻ ያነጣጠረ መድኃኒት ወዙንና የተደፈነውን ቀዳዳ እንዳሉ ይተዋቸዋል። እንክብሉ ሲቆም ብጉሩ ተመልሶ የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

እንክብሉ ምን ይሠራል?

የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ የዕፅዋት ሊቁ ቤንጃሚን ዳጋር በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ከተወሰደ አፈር ከተገኘ ተሕዋስ የመጀመሪያውን መድኃኒት አስተዋውቋል፤ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በ1967 ለገበያ ቀርቧል። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዱታል። ከዚህም ሌላ ብግነትን በቀጥታ ያበርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በቀን ሁለት ጊዜ 20 ሚሊግራም፣ ማለትም ባክቴሪያን ለመግታት የማይበቃ መጠን፣ የወሰዱ ሰዎች ብጉር እንደቀነሰላቸው ማሳየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ዶክሲሳይክሊን በብጉር ሕክምና ውስጥ ባክቴሪያን ከመግታቱ ይልቅ አብራጅነቱ የሚፈለግበት ጊዜ ብዙ ነው ማለት ይቻላል።

በዚሁ ምክንያት እንክብሉ የሚታዘዘው ፊቱ ላይ ጥቂት ጥቁር ነጥብ ወይም ትንንሽ ሽፍታ ለታየበት ሰው ሁሉ ሳይሆን፣ የቀላና ያበጠ፣ መግል የያዘ፣ በደረትና በጀርባ የተስፋፋ ወይም ጠባሳ ሊተው የሚችል ብጉር ላለበት ነው። ቀለል ያለው ብጉር በሚቀባ መድኃኒት ብቻ ይታከማል።

አሥር እንክብል ወይስ ሰማንያ አራት?

ለብጉር የተለመደው የዶክሲሳይክሊን መጠን በቀን 100 ሚሊግራም ሲሆን፣ የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስቀመጠው ከ12 ሳምንት በኋላ ውጤቱ ይመዘናል። ሂሳቡ ሲሠራ በቀን አንድ እንክብል ለ12 ሳምንት ሰማንያ አራት እንክብል ይሆናል። ከኬሚስት ቤት መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ግን አሥር እንክብል የያዘ አንድ እሽግ፣ አንዳንዴም በመቀስ ተቆርጦ የእሽጉ ግማሽ ነው። አሥሩ እንክብል ከሚያስፈልገው ከስምንት አንድ እንኳ አይሞላም፤ ብጉር ደግሞ ለውጥ የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ገዢው «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ መድኃኒት ይሞክራል። እንዲህ ያለው አጠቃቀም ለመዳን የማይበቃ፣ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ለማለማመድ ግን የሚበቃ ነው።

በኬንያ ሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ቁጥጥሩም የመድኃኒትና የመርዝ ቦርድ ኃላፊነት ነው። ሆኖም በናይሮቢ የተካሄዱ ጥናቶች ሽያጩ ያለ ማዘዣ እንደሚከናወን ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱን በገዢው ግዴለሽነት ብቻ ማሳበብ ፍትሐዊ አይደለም፤ የቆዳ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፣ የምርመራው ዋጋም ከእንክብሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ኬሚስቱ ግን ከቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ለሚያሳስበው ስደተኛ ደግሞ ስም ሳይጠየቅ የሚስተናገድበት መስኮት ከሆስፒታል በር ይልቅ ቅርብ መስሎ ይታየዋል። እንዲህ ባለው ግብይት አሞክሳሲሊን ወይም አምፒክሎክስ የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ለብጉር ተሰጥቶ መገኘቱም አያስደንቅም፤ እነዚህ ግን ለብጉር በመጀመሪያ የሚመረጡ መድኃኒቶች አይደሉም።

ከሻይ፣ ከፀሐይና ከእንቅልፍ ጋር

በትክክል የታዘዘ እንክብልም በአወሳሰድ ስህተት ኃይሉን ያጣል። ቴትራሳይክሊኖች ከካልሲየም፣ ከብረትና ከማግኒዥየም ጋር በሆድ ውስጥ ሲገናኙ ተጣብቀው ወደ ደም ሳይገቡ ይቀራሉ። በኬንያ ሻይ ከወተት ጋር አብሮ የሚፈላ በመሆኑ፣ ጠዋት እንክብሉን በአንድ ስኒ የወተት ሻይ የሚያወራርድ ሰው ከመድኃኒቱ ከፊሉን እንደሚያባክን አያውቅም፤ ጉዳቱ በዋናው ቴትራሳይክሊን ላይ የከፋ፣ በዶክሲሳይክሊን ላይ አነስተኛ ቢሆንም፣ በንጹሕ ውኃ መውሰዱ ይመረጣል። ለደም ማነስ የሚወሰድ የብረት እንክብልና ለጨጓራ የሚወሰድ አሲድ ማርገቢያም ከዶክሲሳይክሊኑ በሰዓታት ተለያይተው መወሰድ አለባቸው።

ማታ ሊተኛ ሲል እንክብሉን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ የሚጋደም ሰው ሌላ አደጋ አለበት። እንክብሉ በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ባለው ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ይሟሟና ቧንቧውን ያቆስላል፤ በማግሥቱ ምራቅ መዋጥ እንኳ ደረትን የሚያቃጥል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከምግብ ጋር፣ ቁጭ ብሎ መውሰድና ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አለመተኛት ነው።

ሦስተኛው አደጋ ፀሐይ ነው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳ ለፀሐይ ጨረር ያለውን ስሜት ያባብሳል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ 150 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ አየሯ ቀዝቃዛ ሆኖ ጨረሯ ግን ብርቱ ነው፤ ደመናም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ቀኑን በቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ወይም በገበያ የሚውል ሰው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል።

ጥቁሩ ምልክት ብጉር አይደለም

በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ብጉር ሲድን ቆዳው ቀለም አብዝቶ ስለሚያመርት በቦታው ጥቁር ምልክት ይተካል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ብዙዎች ይህን ያልዳነ ብጉር አድርገው ስለሚቆጥሩት ሥራውን የጨረሰውን አንቲባዮቲክ ይቀጥላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቆዳን ለማንጣት ወደሚሸጡ ቅባቶች ይዞራሉ። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን የሚያዳፍን ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገር፣ የያዙ ናቸው። ስቴሮይዱ ለጥቂት ቀናት ፊቱን ያለሰልሰውና ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ አዲስ ብጉርም ያወጣል። አንቲባዮቲክ ጥቁር ምልክትን አያጠፋም፤ ምልክቱን የሚያደበዝዙት ጊዜ፣ ከፀሐይ መጠበቅ፣ አለመነካካትና እንደ አዳፓሊን ያሉ በሐኪም ምክር የሚቀቡ መድኃኒቶች ናቸው።

አጋር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት ለብጉር የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይሰጥም። በጣም የሚታወቀው አጋሩ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው ቅባት ነው፤ ኦክስጅን እየለቀቀ ባክቴሪያውን ስለሚገድል፣ ባክቴሪያው ሊላመደው አልቻለም። ከ2.5 እስከ 5 በመቶ ያለው ቅባት ይበቃል። ጨርቅን የማንጣት ጠባይ ስላለው ግን ባለቀለም የትራስ ልብስም ሆነ የነጠላ ጥለት እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። አዳፓሊን ደግሞ የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታል። እንክብሉ ብግነቱን ሲያበርድ እነዚህ ሥሩን ይይዛሉ፤ እንክብሉ ካበቃ በኋላም የተገኘውን ውጤት የሚያቆዩት እነርሱ ናቸው።

ከእንክብሉ ጋር መወሰድ የሌለበትም አለ። አይሶትሬቲኖይን የተባለው ለከባድ ብጉር የሚሰጥ ኃይለኛ መድኃኒት ከቴትራሳይክሊን ጋር ሲደመር በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ምልክቶቹ ናቸው። አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ ፅንስን በእጅጉ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይወሰድም። ቴትራሳይክሊኖችም በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ቀለም ስለሚያበላሹ ለብጉር ተብለው ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች አይሰጡም።

የጋራ መድኃኒት

የመድኃኒት መላመድ ማለት አንድ መድኃኒት ያጠፋው የነበረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተቋቁሞ መኖር መቻሉ ነው። ለብጉር አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ የሚደርሰው ወደ ፊቱ ብቻ ሳይሆን በአንጀቱና በአፍንጫው ወደሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ ነው፤ የመላመድ ባሕርይ የሚያወርሱ ዘረ መሎች ደግሞ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፣ በአንድ ቤት ከሚኖር ሰው ወደ ሌላውም ይጋባሉ።

ምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ የራሱ ትምህርት አለው። በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ኮሌራ ሲነሳ ቴትራሳይክሊን ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለመከላከያ ተብሎ ላልታመሙትም በብዛት ታደለ። በመጀመሪያ በመድኃኒቱ ይጠፋ የነበረው ባክቴሪያ፣ በአምስት ወር ውስጥ ከተመረመሩት ናሙናዎች 76 በመቶ በሚሆኑት ተላምዶ ተገኘ። ዛሬም አንድ ጊዜ የሚወሰድ 300 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን ከፈሳሽ መተኪያ ጋር በጽኑ የታመመ አዋቂ የኮሌራ ሕመምተኛን ይረዳል፤ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ኬንያ ራሷ በኮሌራ ወረርሽኝ ተፈትናለች። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ኬንያም ችግሩን ለመግታት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር አውጥታ እየሠራች ነው።

ይህ ሁሉ ግን ብጉር ያለበትን ወጣት ለማሳፈር የሚነገር አይደለም። የፊት ጠባሳ ዕድሜ ልክ የሚኖር፣ ከሰው ዓይን የሚያሸሽ ጉዳት ነውና ሕክምና ይገባዋል። ሕክምናውን የሚጀምር ሰው ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል፤ እንክብሉ ለእኔ ዓይነት ብጉር ነው ወይ፣ ከምን ቅባት ጋር እወስደዋለሁ፣ የሚያበቃውስ መቼ ነው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ የተሸጠ እሽግ ገና ያልታዘዘ መድኃኒት ነው። በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ የመጀመሪያው ቀን ሲጻፍ፣ ከጎኑ ከ12 ሳምንት በኋላ ያለው ቀን አብሮ መጻፍ አለበት።