እናትና ግልገል በካሜራ ፊት

እኛ በክርያት ሞጽኪን የምንማር የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ነን። ዘንድሮ መምህራችን እያንዳንዱ ቡድን ወላጆቻችን የመጡበትን አገርና አሁን የምንኖርበትን አገር የሚያገናኝ አንድ ርእስ እንዲመርጥ ነገሩን። ሌሎቹ ስለ እንጀራ፣ ስለ ሽመና፣ ስለ ሸክላ ሥራ ጻፉ። የእኛ ቡድን ሦስት ልጆች ስንሆን ሁላችንም ፎቶግራፍ ማንሳት እንወዳለን። ስለዚህ የዱር አራዊት እናቶችን ከነልጆቻቸው እንዴት ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል ለመግለጽ ተነሣን። በመጀመሪያ ነገሩ የካሜራ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር።

ለመለማመድ በከተማችን ባለው ሃይ ፓርክ ጀመርን። እዚያ እንስሶቹ በአጥር ውስጥ ስለሆኑ የዱር ፎቶ አይባልም፤ እጅ ለማፍታታት ግን ይጠቅማል። ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው፦ ሌንሱን ወደ ሽቦው በጣም አስጠግቶና ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቶ፣ ከሽቦው ራቅ ብሎ የቆመውን እንስሳ ማንሳት። ያን ጊዜ ሽቦው ደብዝዞ ከፎቶው ላይ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ዔን አፌቅ ሄድን። ይህ በክርያት ቢያሊክ አጠገብ፣ የናዓማን ወንዝ ከሚነሣበት ምንጭ ላይ ያለ ረግረጋማ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። ከእኛ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ሆኖም ከሦስታችን ሁለታችን ከዚያ በፊት አይተነው አናውቅም ነበር። በውሃው ውስጥ ኑትርያ የሚባል ትልቅ አይጥ የሚመስል እንስሳ ይኖራል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደዚህ የመጣው ለፀጉሩ ተብሎ ነው። የሚገርመው የእናቲቱ ጡቶች ከሆዷ ሥር ሳይሆን ከጎኗ ወደ ላይ ከፍ ብለው መገኘታቸው ነው። ስለዚህ እርሷ ስትዋኝ ልጆቿ አብረው እየዋኙ ይጠባሉ። ይህን ፎቶ ለማንሳት ከድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማነጣጠር አይረዳም፤ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። በደረታችን ተኝተን ካሜራውን እስከ ውሃው ከፍታ ዝቅ ስናደርግ የልጅየው ዓይን ታየ። ለማንኛውም ትንሽ እንስሳ ሕጉ ይኸው ነው፦ ዓይኑ ባለበት ከፍታ ላይ መውረድ። ልብስ ይቆሽሻል፤ እናቶቻችን ተቆጥተዋል።

ስለ ብርሃኑም ጥቂት እንበል። ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ እንስሳትም የሚንቀሳቀሱት ያን ጊዜ ነው። ግልገል ዝም ብሎ ስለማይቆም የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ የሰኮንድ አምስት መቶኛ ቢሆን ይመረጣል። ፍላሽ ፈጽሞ አያስፈልግም። ሌንሱ 300 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከሩቅ ሆኖ ማንሳት ይቻላል። የእኛ ግን 200 ነበር፤ ችግራችንም የመጣው ከዚህ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ዓርብ ወደ ራሞት መናሼ ኮረብታዎች ወጣን። እዚያ የተራራ ሚዳቋዎች ይገኛሉ። ከሣሩ መካከል አንድ ግልገል አየን። አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጆሮውን አጥፎ፣ ሳይንቀሳቀስ ተኝቷል። እናቱ በአካባቢው የለችም። የተጣለ ወይም የታመመ መሰለን። ሌንሳችን አጭር ስለነበረ ቀረብን፣ አሁንም ቀረብን፣ እስከ አምስት እርምጃ ደረስን። ሃያ ያህል ፎቶ አነሣን። አንዳችን ውሃ እንስጠው አለ። ቀና ስንል ግን እናቲቱን ከማዶ ዳገት ላይ ቆማ አየናት፤ መሬቱን በእግሯ እየመታች ወደ እኛ ትመለከታለች። ያን ጊዜ ደንግጠን ወደ ኋላ ተመለስን። መኪናው ጋ ደርሰን ብንጠብቅም ልትቀርብ አልፈለገችም፤ ሰንበትም እየገባ ስለነበረ ወደ ቤት ሄድን። ተመልሳ ትሁን አትሁን አላወቅንም። እነዚያ ፎቶዎች በጣም ጥሩዎች ነበሩ፤ ለማንም አላሳየናቸውም።

ከመካከላችን የአንዷ አያት በስሜን፣ በጃናሞራ፣ ከብት ሲጠብቁ ነው ያደጉት። ነገሩን ሁሉ አጫወተቻቸው።

«አባባ፣ እናቱ የጣለችው ግልገል አገኘን» አለቻቸው።

«ማን ጣለው? ደብቃው ነው እንጂ» አሉ። «ድኩላም እንዲሁ ናት፣ ሰስም እንዲሁ ናት። አስተኝታው ራቅ ብላ ትግጣለች። የት እንዳስተኛችው ቀበሮ እንዳያውቅባት ቶሎ ቶሎ አትመጣም። ልጄ፣ እናንተ ሄዳችሁ አጠገቡ ስትቆሙ ለቀበሮው ጠቆማችሁለት።»

በኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነው አያታችን ከተናገሩት ጋር አንድ ነው። ሚዳቋ በአብዛኛው የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቱን እየተከተለ አይዞርም፤ ጠረኑ ጥቂት ስለሆነና ቀለሙ ከሣሩ ጋር ስለሚመሳሰል ተኝቶ መደበቅ ነው መከላከያው። እናቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መጥታ ታጠባዋለች። ሰው በአጠገቡ ካለ ግን አትመጣም፤ ግልገሉም ሳይጠባ ይቆያል። ይህች ሚዳቋ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መካከል የተመዘገበች ናት። ስለዚህ አንድ ግልገል ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ከኦሪት የሚያውቁት ትእዛዝም አለ፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ተጽፏል። እኛ ያነሣነው ፎቶ ብቻ ነው ብለን ተከራከርን፤ አያታችን ዝም አሉ።

ሌላም ነገር አስተማሩን። ወደ አውሬ ከመጠጋት በፊት ጥቂት አፈር በእጅ ዘግኖ መበተን ነው። ነፋሱ አፈሩን ወደ አውሬው ከወሰደው የሰውም ጠረን ወደዚያው ይሄዳል፤ ስለዚህ ዞሮ በሌላ በኩል መምጣት ያስፈልጋል። ይህ በካሜራ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም።

አያታችን ባደጉበት አገር ግን ሁሉም እናት ልጇን አትደብቅም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ጭላዳ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሌሊት በገደል ላይ ያድራል፣ ቀን ሜዳ ላይ ወጥቶ ሣር ይነጫል። እናቲቱ ልጇን በመጀመሪያ በሆዷ አቅፋ፣ ሲጠነክር ደግሞ በጀርባዋ አዝላ ትዞራለች። አያቶቻችን በአንቀልባ እንዳዘሉን ማለት ነው። በዚያ ያሉት ጭላዳዎች ሰውን ስለለመዱ ፎቶ አንሺዎች ብዙ ሊጠጉ ይችላሉ። ችግሩ ሌላ ነው፤ አዲስ የተወለደው ልጅ ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ በእናቱ ጥላ ሥርም ይቀመጣል። በደጋው ኃይለኛ ፀሐይ ሣሩ ሲያበራ ልጁ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ እናቲቱ ቁጭ ብላ ስትነጭ ጠብቆ፣ ልጁ ፊቱን ወደ ብርሃን ሲያዞር፣ ካሜራውን በሣሩ ሳይሆን በፊቱ ብርሃን ለክቶ ማንሳት ይገባል። ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ደግሞ የሳቀ መስሏቸው የሚደሰቱ ቱሪስቶች አሉ። ሳቅ አይደለም፣ ተቆጥቷል።

በሃይፋ ስላሉት የዱር አሳማዎችም መጻፍ አለብን፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጠይቀን ስለ እነርሱ ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በ2019 በጥይት መግደሉን ካቆመ በኋላ፣ በተለይ በ2020 በኮሮና ጊዜ መንገዱ ጭር ሲል፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አስከትለው በጠራራ ፀሐይ በሰፈሩ ይዞሩ ነበር። ትንንሾቹ በጀርባቸው ላይ ቢጫ መስመር ስላላቸው ለፎቶ ያምራሉ፤ ሲያድጉ መስመሩ ይጠፋል። አሳማ አንበላም እንጂ ፎቶውን ማንሳት አልተከለከለብንም። ነገር ግን በእናቲቱና በልጆቿ መካከል መግባት አደገኛ ነው። ምግብ ወርውሮ መጥራትም ጥሩ አይደለም፤ ሰፈሩን አለቅም ትላለች። ከመኪና ውስጥ ማንሳት ይሻላል።

ሚዳቋና ግልገል በሰላም ማንሳት ለሚፈልግ ሰው በኢየሩሳሌም በ2015 የተከፈተው የሚዳቋዎች ሸለቆ፣ ዔሜቅ ሃጽቫይም፣ አለ። ከመንገዱ ሳይወጡ መጠበቅ ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን የተኛ ግልገል ያየ ሰው ደግሞ ሳይነካው ፈጥኖ ይራቅ፤ ቆስሎ ከሆነ ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን በ*3639 ይደወላል።

በሚቀጥለው ዓርብ ወደ ራሞት መናሼ ተመለስን። በዚህ ጊዜ አፈር በተንን፣ ከመኪናውም አልወረድንም። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የታተመው ፎቶ የዚያን ቀን የተነሣ ነው። በመካከል ያለችው ቡናማ ነጥብ እናቲቱ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ታጠባለች። ግልገሉ ከሣሩ ሥር ስለሆነ አይታይም።